አረንጓዴው እሸት፦ ለአንድ ፊርማ እስከ አጋሮ

ለአንድ ፊርማ ብሎ ከደብረ ብርሃን አጋሮ ድረስ የሚሄድ ሰው ጤናው መታየት አለበት፣ ትል ነበር ባለቤቴ ሻንጣዬን እያዘጋጀች። ይህን ከተመለስኩ በኋላ የምጽፈው አንድም ጤነኛ መሆኔን ላስረዳ፣ አንድም በዚያ በኩል ለመሄድ ላልገጠማችሁ የሰፈሬ ሰዎች ያየሁትን ላካፍል ብዬ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። እንደምታውቁት ፎቶ ቤት አለኝ። ከዓመታት በፊት አንድ የግብርና ፕሮጀክት ፎቶ አንሺ ፈልጎ ጅማ ይዞኝ ሄዶ ነበር። ያኔ አጋሮ አጠገብ ቡና የምትለቅም አንዲት ሴት አነሳሁ። ሁለት መዳፏን ወደ ካሜራዬ ዘርግታ፣ መዳፏ ላይ አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ የቡና እሸት ሞልቶ፣ ከኋላው ደግሞ የሚስቅ ፊቷ ይታያል። በዕድሜዬ ካነሳሁት ሁሉ እሱን ፎቶ እወደዋለሁ። ፌስቡክ ላይ የለጠፍኩትም እኔው ነኝ። ከዚያ ወዲህ ግን ፎቶው ያለእኔ መኖር ጀመረ። አንዴ የቀን መቁጠሪያ ላይ፣ አንዴ የማላውቀው ሰው ስልክ ላይ አየሁት። ባለፈው ክረምት ልጄ በኢንተርኔት ቡና የሚሸጥ አንድ የባሕር ማዶ ድርጅት ከረጢቱ ላይ አትሞት አገኘች። ስሜ የትም የለም።

በጣም ተናደድኩ። ልጄ በእንግሊዝኛ ጻፈችላቸው። መልሳቸው ጨዋ ነበር፦ ፎቶው የእርስዎ ከሆነ ዋናውን ፋይል ይላኩ፤ ሴትዮዋም መፍቀዷን በዚህ ቅጽ ላይ ትፈርም፤ ያኔ ስምዎን ከረጢቱ ላይ እናትማለን። የሰጡኝ ጊዜ አንድ ወር ነው። ፋይሉ አሮጌ ሀርድ ዲስክ ውስጥ አለ። የቀረኝ ፊርማው ነበር፤ ሴትዮዋ ደግሞ ዘሀራ ከመባሏ በቀር የማውቀው ነገር አልነበረኝም።

ሰኞ። በኅዳር ብርድ ካፖርቴን ደራርቤ ወጣሁ። ለጅማው ወዳጄ ለአስናቀ ከመንዝ የመጣ ባና፣ የበግ ጠጉር ብርድ ልብስ፣ ገዝቼለታለሁ። ከባድና የሚሞቅ ነው፤ እኛ ዘንድ ከዚህ የበለጠ ስጦታ የለም። አዲስ አበባ እህቴ ቤት አደርኩ። «ጅማ ባና ይዘህ?» ብላ ሳቀችብኝ። እኔ ግን ብርድ የሌለበት አገር አለ ብዬ ማመን አቅቶኝ ነበር።

ማክሰኞ። አውቶቡሱ ቱሉ ቦሎን ሲያልፍ ሜዳው ሁሉ ጤፍ ነው፤ የእኛን አገር ይመስላል፤ ልቤ አልደነገጠም። ወሊሶ ስንደርስ እንሰት በየጓሮው ብቅ ብቅ አለ። ወልቂጤ ለምሳ ወረድን፤ ክትፎ በቆጮ በላሁ። ጊቤ በረሃ ስንወርድ ሙቀቱ አላስቀምጥ አለኝና ካፖርቴን አውልቄ ከራሴ በላይ ካለው የዕቃ መደርደሪያ ላይ ሰቀልኩት።

አጠገቤ አንድ የቦንጋ ሰው፣ ከፊቴ ደግሞ አንድ የአጋሮ ሰው ነበሩ። ቡና መጀመሪያ የተገኘው ከማን ዘንድ ነው በሚለው ተያያዙ። የቦንጋው «ስሙ ራሱ ከካፋ ነው የመጣው፤ ምን ማስረጃ ትፈልጋለህ?» ይላል። የአጋሮው «ስሙን ውሰዱ፤ ዛፉ የኛ ጋ ነው» ይላል። እኔም መሐል ገብቼ የፎቶዬን ጉዳይ አወራሁ። አውቶቡሱ ሁሉ ዳኛ ሆነ። አንዲት ከኋላ የተቀመጠች ተማሪ «ጋሼ፣ ሎጎ አላደረጉበትም እንዴ? ኢንተርኔት ላይ ያለ ስም የለቀቁት ነገር እኮ ፍሪ ነው» አለችኝ። የአጋሮው ሰው ግን አዘነልኝ። «የኛንም ቡና ስም ፈረንጅ ሊያስመዘግበው ነበር አሉ» አለ። የቦንጋው ወዲያው «የናንተን ሳይሆን የኛን ነው» ብሎ ክርክሩን ከመጀመሪያው ቀጠሉት።

ሰኮሩን፣ አሰንዳቦን፣ ሰርቦን አልፈን ጅማ ስንገባ ዝናብ ያካፋል። በኅዳር ዝናብ! እኛ ዘንድ በዚህ ወር ከሰማይ ቢመጣ ውርጭ ነው። አስናቀ ጥላ ይዞ ቆሞ አገኘሁት። ድሮ መምህራን ማሠልጠኛ አንድ መኝታ ክፍል የነበርን ሰው ነው፤ በኋላ ግብርና ሠርቶ፣ ኦሮምኛውን እንደ አፍ መፍቻው ለምዶ፣ ጅማ ቀርቷል። ተቃቅፈን፣ ባጃጅ ይዘን፣ በቾ ቦሬ ሰፈር ቤቱ ደርሰን፣ ባለቤቱ ወይዘሮ ብርቄ ባናውን ተቀብላ «ውይ፣ ለካውያ መተኮሻ የሚሆን!» ካለች በኋላ ነው ካፖርቴ ትዝ ያለኝ። አውቶቡሱ ላይ ቀርቷል። ቅጹ ደግሞ ኪሱ ውስጥ ነው።

ረቡዕ። በጠዋት ከአስናቀ ጋር መናኸሪያ ሄድን። የመናኸሪያው ዘበኛ፣ ነጭ ኮፍያ ያደረጉ ሽማግሌ፣ ካፖርቴን ለብሰው ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ሲያዩኝ ቶሎ ብለው አወለቁ።

«የእርስዎ ነው? ረዳቱ ሰጠኝ። አፉ በሉኝ፣ ትንሽ በረደኝና ለበስኩት። ጅማም ይበርዳል ወላሂ።»

ቅጹን ከፌስታል አወጡልኝ። እንዳይረጥብ ሦስቴ ጠቅልለውት ነበር። «ምን እንደሚል አላውቅም፤ ግን ወረቀት አማና ነው» አሉ። ካፖርቱን ለእርሳቸው ልተውላቸው ፈለግሁ፤ እምቢ ሲሉ አስናቀ በኦሮምኛ አንድ ነገር ተናግሮ አሳቃቸውና ተቀበሉ። ምን እንዳላቸው ስጠይቀው «እሱ አገሩ ሲመለስ ሌላ ያስፋል፤ ልብስ የሚለብሰው ለፎቶ ብቻ ነው አልኳቸው» አለኝ። ነውረኛ።

ቀኑ ጾም ስለሆነ ምሳ በያይነቱ ፍለጋ ወደ አንድ ምግብ ቤት ገባን። እጄን ታጥቤ ቀና ስል ግድግዳው ላይ ፎቶዬ! ቁመቱ የበር ያህላል። ግራና ቀኙ ተገልብጦ ነው የታተመው፤ ሴትዮዋ ግራኝ ሆናለች። ባለቤቱን አስጠርቼ ይህ የእኔ ሥራ ነው አልኩት።

«ማሻ አላህ!» አለ ደስ ብሎት። «እርስዎ ነዎት እንዴ የሠሩት? እጅዎ ይባረክ።»

«ማን ፈቅዶልህ ሰቀልከው?»

«ኧረ ከማንም አልወሰድኩም። ከኢንተርኔት ነው ያወረድኩት።»

ፊቱ ላይ ምንም ክፋት አልነበረም። ከምንጭ ውሃ መቅዳቱን የሚነግረኝ ነበር የሚመስለው። ከቤቱ አንድ ብር አላስከፍልም ብሎ ማለ፤ ተጨማሪ ሽሮ፣ ተጨማሪ ቲማቲም፣ ተከትሎም የእንስራ ክዳን የሚያህል አቮካዶ አስመጣ። በሆዴ ተናድጄ በአፌ በላሁ። ስንወጣ አስናቀ ቆም አለ።

«ግርሜ፣ አንተ ቤት ሙሽሮች የሚቆሙበት ፏፏቴ የማን ነው?»

ደብረ ብርሃን የተሞሸራችሁ ሁሉ ታውቁታላችሁ። ያ በኮምፒዩተር ከኋላችሁ የማስገባው ፏፏቴ፣ ያ መርከብ፣ ያ በጽጌረዳ የተሞላ ደረጃ፣ ሁሉም ከኢንተርኔት የወረደ ነው። ማን እንዳነሳው ጠይቄም አስቤም አላውቅም። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች የሚባለው ለእኔ ነው። ለአስናቀ ግን «ያ ሌላ ነው» አልኩት። ምኑ ሌላ እንደሆነ አልጠየቀኝም፤ ወዳጅነቱ በዚህ ነው።

ሐሙስ። በሚኒባስ ወደ አጋሮ። መንገዱ ዳር እስከ ዳር ዛፍ ነው፤ ከዛፉ ሥር ቡና። እኛ አገር ዛፍ ቢኖር ባሕር ዛፍ ነው፤ ከሥሩ ሣር እንኳ አይበቅልም። እዚህ ጥላውም ሥራ አለው። አጋሮ ላይ አስናቀ ሁለት ሰው ጠየቀ፤ ሁለተኛው «ፎቶዋ ያለባት ዘሀራ? የእሸት መረከቢያው ዘሀራ?» ብሎ ሞተረኛ ጠራልን። ጭቃው ሁለት ጊዜ አስወረደን፤ በሦስተኛው ሞተሩን እኛ ገፋነው።

አዴ ዘሀራ ደጇ ላይ በጅማ በርጩማ ተቀምጣ ቅርጫት ትጠግን ነበር። ዕድሜ ጨምራለች፤ እጆቿ ግን ያው ናቸው። ገና ከሩቅ ስታየኝ ቅርጫቱን አስቀመጠች።

«አንተ ነህ» አለች በአማርኛ። «የአረንጓዴው ሰውዬ።»

እንዴት አስታወሰችኝ ብዬ ተደሰትኩ። ባለቤቷ አባ ተማም «በጋ ነጋን ዱፍተኒ» እያሉ፣ እንኳን ደህና መጣችሁ ማለታቸው ነው፣ በርጩማ አቀረቡልን። ማር በሳህን መጣ፤ ብርዝ በብርጭቆ መጣ። ከዚያ አዴ ዘሀራ ስልኳን አወጣችና ፎቶዬን ከፍታ ጉልበቴ ላይ አስቀመጠችው።

«ስንት ዓመት ፈለግሁህ» አለች። «ስምህ የለበትም። ስምህ ቢኖርበት ኖሮ እጠራህ ነበር። ማንን ልጠይቅ?»

ከዚህ በኋላ አማርኛው አልበቃ ሲላት በኦሮምኛ ቀጠለች፤ አስናቀ ያስተረጉማል። በዚያ አገር አረንጓዴ እሸት መልቀም ነውር ነው። ያልበሰለ ፍሬ አብሮ ከታጠበ የሌላውንም ጣዕም ያበላሻል፤ ስለዚህ ማጠቢያው ጣቢያ ላይ አረንጓዴ የተገኘበት ሰው ቅርጫቱ በሰው ፊት ይደፋል። እሷ ከልጅነቷ ጀምራ አንድ ጊዜ እንኳ ተደፍቶባት አያውቅም፤ ለቃሚዎችን የምታስተምር እሷ ነበረች። ማኅበሩ እሸት ተረካቢ ሲመርጥ ሁሉም ወደ እሷ ነበር። ያኔ አንዱ ስልኩን አውጥቶ «እጇን እዩት» አለ። አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ። ሁለት የለቀማ ወቅት ሥራው ለሌላ ተሰጠ። በኋላ መልሰው ሰጧት፤ ግን እስካሁን ቅርጫቱ የተደፋበት ሰው ሁሉ ሲናደድ «አንቺስ?» ይላታል።

«አረንጓዴ ለቅሜ አላውቅም» አለች ወደ እኔ ዞራ በአማርኛ። «አንተ ነህ ከዛፉ ቀጥፈህ እጄ ላይ የጨመርከው።»

እውነቷን ነው። አሁን ቁልጭ ብሎ ታየኝ። ቀዩ ብቻውን አልጥም ብሎኝ፣ ባንዲራ ይምሰል ብዬ፣ ቢጫውንም አረንጓዴውንም በገዛ እጄ ቀጥፌ መዳፏ ላይ አደረግሁ። እሷ ያኔም የሆነ ነገር ብላኝ ነበር፤ ቋንቋው ስላልገባኝ ሳቅሁ፤ እሷም በእኔ ሳቅ ሳቀች። ያ ሳቅ ነው ፎቶው ላይ ያለው። አፈርኩ። ሰው በጣም ሲያፍር የሚበላው ማር አይጣፍጥም የሚሉት ውሸት ነው፤ ማሩ ይጣፍጣል፤ ኀፍረቱን ያባብሰዋል እንጂ።

ቅጹን ማውጣት ከበደኝ። አስናቀ ነው ያወጣው። «ምን ይላል?» አለች። አስናቀ አነበበላት፦ ምስሏ በማንኛውም ቦታ፣ ለማንኛውም ጊዜ፣ ለማንኛውም ጉዳይ እንዲውል ፈቅዳለች።

«ለማንኛውም ጊዜ?» አለች። «እኔ ራሴ ለማንኛውም ጊዜ አልኖርም።»

አባ ተማም በጣም ሳቁ። እሷ ግን አስባ፣ ቅርጫቷን አንስታ አንድ ሁለት ልጥ ካሳለፈች በኋላ ተናገረች።

«እፈርማለሁ። ስምህ ይጻፍበት፤ እኔም እፈልጋለሁ። ግን ከስምህ ሥር አረንጓዴውን የጨመረው ማን እንደሆነ ይጻፍ። ሌላ ደግሞ እንደገና ታነሳኛለህ።»

«እንዲህ ከተጻፈበት ከረጢቱ ላይ አያትሙትም» አልኳት።

«እኔ ከረጢት አልጠየቅሁም።»

በዚህ መሐል ዝናቡ መጣ። መንገዱ ተዘጋና እዚያው አደርን። ለእንግዳ የሚነጠፈውን አልጋቸውን ለቀቁልን፤ ገንፎ በቅቤ አበሉን። ገንፎ እኛም አለን፤ ግን እዚህ ቅቤው እንደ ኩሬ መሐሉ ላይ ተኝቶ ሰው በዳር በዳሩ ይበላል። እንደ አራስ ተንከባክበውኝ፣ አንድ ሰው እንኳ ስለ ፎቶው ደግሞ አላነሳብኝም። ቢወቅሱኝ ይቀለኝ ነበር።

ዓርብ። ጠዋት ካሜራዬን ሳዘጋጅ አዴ ዘሀራ ቅርጫት አስያዘችኝ። መጀመሪያ ትለቅማለህ አለች። ቀላል መስሎኝ ነበር። አንድ ቅርንጫፍ ላይ ግን ቀዩ ከአረንጓዴው ጎን ተጣብቆ ነው የሚበቅለው፤ ቀዩን ብቻ በሁለት ጣት አሽከርክሮ መንቀል ያስፈልጋል። እኔ አንዱን ስይዝ ሦስቱ ይከተላሉ። እሷ በሁለት እጇ ሁለት ቅርንጫፍ እየለቀመች ታወራለች። ረፋዱ ላይ ማጠቢያ ጣቢያው ደረስን። ተፈልፍሎ የታጠበው ነጭ ቡና በረጃጅም የሽቦ አልጋዎች ላይ ተዘርግቶ ሴቶች ያገላብጡታል። እሷ መረከቢያው ቦታ ላይ ቆመች፤ እኔ ተራዬን ይዤ ቅርጫቴን አቀረብኩ። እጇን አስገባች፤ አራት አረንጓዴ አወጣች፤ አየችኝ።

ደፋችው። ሴቶቹ ሁሉ አልጋውን ትተው ሳቁ። «አብሽር፣ ኦቦ ግርማ» አለችኝ አንዷ። ቁጢጥ ብዬ ከመሬት መልቀም ያዝኩ፤ ከአራቱ በቀር ሌላ ሁለት ደግሞ ራሴ አገኘሁ። ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ የዚያን ያህል የቀለለኝ ቀን ትዝ አይለኝም።

ከጁምዓ ሶላት በፊት አነሳኋት። ራሷ የለቀመችውን ቀይ እሸት በሁለት መዳፏ ሞልታ ቆመች። እንደ ድሮው «ትንሽ ቀና፣ ትንሽ ወደ ብርሃን» ልል አፌን ስከፍት አስናቀ ክርኔን ነካኝ። ምንም ሳላስተካክል የካሜራውን ቁልፍ ተጫንኩ። አልሳቀችም። ሥራዋ ላይ እንዳለ ሰው ነው የምታየው። ከዚያ ቅጹን ተቀብላ ከታች ስሟን በቁቤ ቀስ ብላ ጻፈች። ከቅጹ ጀርባ ደግሞ አስናቀ በአማርኛም በኦሮምኛም ያለችውን ጻፈ፤ ከሥሩ እኔ ፈረምኩ።

ቅዳሜ ተመለስኩ። ወይዘሮ ብርቄ ለመንገድ ጭኮ በቅቤ አሽታ፣ ማር በጄሪካን አስይዛኝ፣ ባናውን ወንበር ላይ አንጥፋ ተሰናበተችኝ። መናኸሪያው በር ላይ ካፖርቴ ተቀምጦ ነበር፤ ዘበኛው ከውስጡ እጃቸውን አውጥተው ሰላም አሉኝ።

አሁን ደብረ ብርሃን ነኝ። ልጄ የጀርባውን ጽሑፍ ወደ እንግሊዝኛ መልሳ፣ ቅጹን ከፊትና ከጀርባው ፎቶ አንስተን ለድርጅቱ ላክን። በሳምንቱ መልስ መጣ፦ ሐቀኝነትዎን እናደንቃለን፤ እንዲህ ያለ ጽሑፍ ግን ከረጢታችን ላይ ማተም አንችልም፤ ፎቶውንም ከከረጢቱ አውርደነዋል። አሁን የከረጢቱ ሥዕል ተራራ ነው። ስሜን ላስጽፍ ሄጄ ፎቶዬን ከከረጢት አስወረድኩ። አሮጌውን ፎቶ በራሴ ገጽ ላይ እንደገና ለጠፍኩት፦ ፎቶ፣ ግርማ፤ አረንጓዴውን እሸት መዳፏ ላይ ያደረግሁት እኔ ነኝ፣ እሷ አይደለችም። ከድሮው ይልቅ ይህኛው ተዛመተ።

አዲሱን ለአስናቀ በቴሌግራም ላክሁለት። ያ ምግብ ቤት አሮጌውን አውርዶ በበሩ ልክ እሱን ሰቅሏል አለኝ፤ ዘንድሮ አልተገለበጠም። የአጋሮ ልጆች ሁሉ ስልካቸው ላይ አድርገውታል። ከሥሩ በትልቁ የተጻፈው አንድ ስም ብቻ ነው፤ የእኔ አይደለም። ባለቤቴ አይታ «ለእነዚህስ ልትጽፍላቸው ነው?» አለችኝ።

ይህን እያለች ስልኬ ጮኸ። አዴ ዘሀራ ናት።

«አሮጌው ላይ ስምህን አየሁት» አለች። «አዲሱ ላይ እኔ ስሜን አደረግሁ። ደህና ነው?»

«ደህና ነው» አልኳት።